ሰርዶ ይብቀል

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ከራሱ በላይ ማሰብ ያቃተውን ሰው ለመውቀስ ነው። ስለ ሰርዶው ግን ማንም ትዝ ብሎት አያውቅም። እኔ ደግሞ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝና እስቲ ዛሬ አህያዋን ትተን ስለ ሰርዶው እንነጋገር ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ውድ የመጽሔታችን አንባቢያን፣ ጉዳዬ የግቢ ሳር ነው። ርዕሱ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። «አገሩ ስንት ችግር እያለበት ስለ ሳር ይጻፋል እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን የምኖረው ሲኤምሲ ነው። እዚያ ሰፈር የግቢ ሳር ጉዳይ የውሃ ጉዳይ ነው፣ የጎርፍ ጉዳይ ነው፣ የጉርብትናም ጉዳይ ነው። ቤቱን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግቢው ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ሲመርጥ አያለሁ። አንዱ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶና በታይልስ ይደፍነዋል። ሌላው ደግሞ በካሬ ሜትር ተለክቶ የተሸጠለትን ሳር አንጥፎ ዓመቱን ሙሉ በጎማ ያጠጣዋል።

የእኔ አቋም ከሁለቱም ይለያል። የግቢ ሳር አገሩን ከሚያውቅ ሳር ዘር ይዘራ፣ የሚዘራውም ክረምቱ ሊገባ ሲል ይሁን፣ በበጋ ደግሞ ውሃ አይጠጣና ቢጫ ይሁን እላለሁ። ምክንያቴን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ስሙን ከሲሚንቶ ያገኘ ሰፈር

ሲኤምሲ የሚለው ስም የመጣው ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው። ድርጅቱ «ኮፔራቲቫ ሙራቶሪ ኤ ቼሜንቲስቲ» ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ራቬና በምትባለው ከተማ የተቋቋመ ነው። ስም ይመራል የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ አፈር የሚታይበትን ግቢ መፈለግ ሥራ ሆኗል።

ከሲሚንቶው ሥር ያለው ግን ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል፤ እኛ ክፍል ውስጥ ቨርቲሶል እያልን እንማረዋለን። ከቦሌ እስከ አያት ባለው ምሥራቃዊ የአዲስ አበባ ክፍል ይህ አፈር በሰፊው ይገኛል። ጠባዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለዚህም ነው መሐንዲሶቹ ቤት ከመሥራታቸው በፊት ጥቁሩን አፈር ቆፍረው አውጥተው በምትኩ ገረጋንቲ ወይም ሰሌክት የሚሞሉት።

ይህ ለቤቱ መሠረት ደግ ነው። ለሳሩ ግን ችግር ነው። ቤቱ አልቆ የግቢ ተራ ሲደርስ ከላይ የምናገኘው አፈር ሳይሆን ገረጋንቲ፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ የደረቀ የሲሚንቶ ቅሪትና ምስማር ነው። ባለቤቱ አንድ ጊዜ በዶማ ይሞክረዋል፣ ዶማው ይመለሳል። «በቃ ይደፈን» የሚባለው ያኔ ነው።

ሲደፈን ምን ይሆናል? ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ 100 ካሬ ሜትር የተደፈነ ግቢ 3,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። ይህ ውሃ የሚገባበት አፈር ስላጣ በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ መንገድ ይሄዳል። የአንድ ግቢ ውሃ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የሃምሳ ግቢ ሲደመር ግን 150,000 ሊትር ነው፣ እሱም ከታች በኩል ያለውን ጎረቤት ያንኳኳል። ከላይ ያለው ሰው ግቢው ስለጸዳለት ደስ ይለዋል፤ ከታች ያለው ደግሞ በሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረድራል። የአህያዋ ተረት እዚህ ጋ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘ ይመስለኛል።

ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ

«እሺ፣ እኛ አልደፈንም፣ ሳር ነው ያነጠፍነው» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፣ አከብራለሁ። ጥያቄዬ ግን ሳሩ ጥር ላይ አረንጓዴ የሆነው በማን ውሃ ነው የሚል ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ይህ ትንሽ አይደለም። ችግሩ አመጣጡ ነው። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፣ በበልግ ጥቂት ይጨመርበታል፣ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ግን ሰማዩ ይዘጋል። በእነዚህ ደረቅ ወራት አንድ ሳር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል እንበል። ለ100 ካሬ ሜትር 300 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንለካው 15 ጀሪካን በየቀኑ ማለት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት አራት ወራት ደግሞ 36,000 ሊትር ይደርሳል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላል። እንግዲህ የአንድ ግቢ ሳር ቢያንስ የሦስት፣ ቢበዛ የስድስት ሰው ድርሻ ይጠጣል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ እናቶች ሌሊት ተነሥተው የቧንቧውን ድምፅ በሚያዳምጡበት፣ ቦቴ በሚጠራበት ከተማ ውስጥ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ተጣርቶና ተገፍቶ፣ ስንት ወጪ ወጥቶበት ነው ቧንቧችን ላይ የሚደርሰው። ያንን የመጠጥ ውሃ በጥር ፀሐይ ሳር ላይ መርጨት፣ ምንም ሕግ ባይከለክለውም፣ ለእኔ ትንሽ ያሳፍራል።

ሌላም ነገር አለ። ጥቁር አፈር ላይ በተሠራ ቤት ግድግዳ ሥር በበጋ ሳር ማጠጣት ለቤቱም አይበጅም። በአንድ በኩል ያለው አፈር ረጥቦ ሲያብጥ፣ በሌላ በኩል ያለው ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ መሠረቱ እኩል አይቀመጥም፤ ግንቡ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ ሳር የሚዘራ ሰው ከግድግዳው ቢያንስ ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ግቢውም ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል።

የትኛው ሳር?

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የሳር ዘር ፓኬት ይዞ መምጣት በእኛ ሰፈር እየተለመደ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ያስጎመጃል። በፓኬቱ ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የብርድ አገር ሳሮች ቅልቅል ነው፤ ራይግራስ፣ ፌስኪው፣ ብሉግራስ የሚባሉት። አልበቅልም አይሉም። ራይግራስማ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፣ የእኛ ደጋ አየርም ይስማማዋል። ፈተናው የሚመጣው ኅዳር ላይ ነው። እነዚህ ሳሮች ያለ ውሃ ረጅም በጋ ማሳለፍ አያውቁም፤ ወይ ታጠጣቸዋለህ፣ ወይ ታጣቸዋለህ።

በሻንጣ የሚመጣ ዘር ሌላም ጣጣ አለው። የአገራችን የዕፅዋት ኳራንቲን ሕግ ዘር ከውጭ ሲገባ ፈቃድና የጤና ማረጋገጫ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ የምናየውን እምቦጭ፣ የገበሬውን ማሳ የወረረውን ፓርተኒየም ማስታወስ ይበቃል። ሁለቱም ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጡ ናቸው።

ታዲያ ምን እንዝራ? መልሱ እግራችን ሥር ነው። ሰርዶ በሳይንስ ስሙ ሳይኖደን ዳክታይለን ይባላል። በፈረንጆቹ ገበያ ደግሞ «በርሙዳ ሳር» ነው። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ መንገድ ዳር የምንረግጠው ሰርዶ በአንድ የአትላንቲክ ደሴት ስም ታሽጎ፣ ባለ ቀለም ፓኬት ለብሶ፣ ተመልሶ ይሸጥልናል! በዓለም ላይ ስንት የጎልፍና የኳስ ሜዳ የተሸፈነው በዚሁ ሰርዶና ከእሱ በተዳቀሉ ዝርያዎች ነው።

ሁለተኛው ኪኩዩ ሳር ነው። ስሙ የኬንያ ሕዝብ ስም ይሁን እንጂ ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሁሉ አገሩ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ክላንደስታይነም» የሚል ቃል አለ፤ የተሸሸገ ማለት ነው። አበባውና ዘሩ በቅጠሉ ሰገባ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር ነው እንዲህ የተባለው። ለዚህም ሲባል እኛ ዘንድ በዘር ሳይሆን ግንዱን እየቆራረጡ በመትከል ነው የሚራባው። ብርቱ ነው፣ ይረገጣል፣ ይታጨዳል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። እንዲያውም ብርታቱ በዝቶ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የአደገኛ አረሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እዚህ ግን አገሩ ነው። አጥር ለአጥር ተጠግተን የምንኖር ሰዎች ግን ዳር ዳሩን መቁረጥ አለብን፤ አለዚያ ጎረቤት ጎመን ውስጥ ይገባል።

ሁለቱም ሲ ፎር ከምንላቸው ዕፅዋት ወገን ናቸው፤ እንደ ጤፍ፣ እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ። ያገኙትን ውሃ በቁጠባ ይጠቀማሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መተኛት ያውቃሉ። ውሃ ሲጠፋ ቅጠላቸው ይደርቃል፤ ከመሬት በታች ያለው ግንዳቸው ግን በሕይወት ይቆያል፣ ዝናብ ሲመጣ ይነሣል። የእኔ ክርክር ሁሉ የቆመው በዚህ ጠባያቸው ላይ ነው።

ጤፍ የዘራ ሰው ሳር መዝራት ያውቃል

የሰርዶ ዘር ደቃቅ ነው። አንድ ግራም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍሬዎች አሉ፤ ከጤፍ ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ዘር ከእኛ ወዲያ ላሳር እንዲህ ላለ ደቃቅ ነገር! በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ልምድ ያለው ገበሬ ያለበት አገር ነው።

አምና የአክስቴን ግቢ ስንዘራ ይህን በዓይኔ አየሁ። ግቢያቸው ከቤቱ ጀርባ 40 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ነው። በአትክልት ሥራ የሚያግዟቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን፤ በወጣትነታቸው ምንጃር ጤፍ ያርሱ ነበር። እኔ ከክፍል ማስታወሻዬ ላይ «በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ግራም» የሚለውን አውጥቼ ለ40 ካሬ ሜትር 320 ግራም መዘንኩ። ጋሼ ዘሩን አይተው ሳቁ። «ይሄማ ጤፍ ነው። እንዲህ ብቻውን ከበተንከው ግማሹ አንድ ቦታ ይወድቃል። ከአሸዋ ጋር አሸው» አሉኝ። አሸነው። ከዚያም ግማሹን ቁመቱን እየሄዱ፣ ግማሹን ወርዱን እየሄዱ በተኑት። መምህራችን ትምህርት ቤት ያስተማሩን ይኸንኑ ነበር፤ ልዩነቱ ጋሼ ስላይድ አላስፈለጋቸውም።

ከብተናው በፊት የነበረው ሥራ ግን ከባዱ ነው፤ ሊዘለልም አይገባም። ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው።

በሚያዝያ፣ የበልግ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ይቆፈራል። መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲጨቀይ ማስቲሽ ነው፤ የሚቆፈርበት ቀን መካከሉ ላይ ነው። ስብርባሪው፣ ምስማሩና የሲሚንቶው ቅሪት ተለቅሞ ይወጣል። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ልስልስ አፈር ሊኖር ይገባል። ገረጋንቲ ብቻ ከሆነ አፈር መጨመር ግድ ነው። ከዚያ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፍና ይቀላቀላል፤ ለ40 ካሬ ሜትር አንድ ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ያልበሰለ ፍግ የአረም ዘር ተሸክሞ ስለሚመጣ አይመከርም።

ቀጥሎ ማስተካከልና ውሃ ማስወጣት ነው። ስለ መረሬ የሚነገር ሁሉ የሚያልቀው ውሃ መውጫ ላይ ነው። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ሹሩቤ የሚሉትን ከፍ ያለ መደብ በእጃቸው እየሠሩ ውሃውን በቦይ ሲያስወጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ የሠሩት ከዚያው ሐሳብ ተነሥተው ነው። ግቢ ውስጥ ሹሩቤ ባያስፈልግም ትንሽ ተዳፋትና ዳር ላይ አንዲት ቦይ ያስፈልጋሉ።

የመዝሪያው ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ብዙ ሰው «ክረምት ነውና» ብሎ ሐምሌ ላይ ይዘራል። ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ ስለምትጠፋና አፈሩ ስለሚቀዘቅዝ ዘሩ ይንቀራፈፋል፣ ኃይለኛው ዝናብም ጠራርጎ ይወስደዋል። በሰኔ መግቢያ ግን አፈሩ ገና የበልጉን ሙቀት አልለቀቀም፣ ዝናቡም እየመጣ ነው።

ከተበተነ በኋላ በሬክ ሳሳ አድርጎ መነካካት እንጂ መቅበር የለም፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር አይጫነው። ከዚያ ይረገጣል። ለጤፍ ማሳ ገበሬው ከብት እንደሚነዳበት ሁሉ፣ እኛ ጣውላ እያነጠፍን የአክስቴን ልጆች አስረገጥናቸው። ከሥራው ሁሉ የወደዱት ይህንን ነበር። ላዩ ላይ ሳሳ ያለ የጤፍ ጭድ ከተደረገበት ወፍም ዝናብም አይጫወትበትም።

ዘር ከመግዛት በፊት ደግሞ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቀን ማየት፣ ከተቻለም 100 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ሶፍት ላይ አድርጎ መሞከር ይገባል። አንድ ሱቅ ጊዜው ያለፈበት ዘር ሸጦልን 100ውን ስንሞክር የበቀለው 11 ብቻ ነበር። መልሰን ሌላ ገዛን። ይህን ሙከራ አንደኛ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ስንሠራው «ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ተማሪ ነበር።

በ12ኛው ቀን መርፌ የመሰለች አረንጓዴ ታየች። ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናት ብቻ ጠዋትና ማታ ላዩን አራስነው። 5 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ አጨድን፤ ከዚያ በላይ መቁረጥ ሥሩን ያደክመዋል። ዩሪያ አንድ ጊዜ ጥቂት ሰጠነው። ዩሪያ 46 ከመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ለዚያ ስፋት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለመስቀል ግቢው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው ተሸፍኖ ነበር።

ከዚያ በጋው መጣ። ውሃ አላጠጣነውም። ታኅሣሥ ላይ ገረጣ፣ ጥር ላይ ገለባ መሰለ። አክስቴ በረንዳው ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ተኝቶ ነው ወይስ ሞቶ?» አሉኝ። ተኝቶ ነው አልኳቸው። ጎረቤታቸውም «ምነው ሳራችሁን አስራባችሁት?» ብለው ቀለዱባቸው። መጋቢት ላይ ሁለት ቀን ዝናብ ጣለ። በሳምንቱ ከገለባው ሥር አረንጓዴው ሲወጣ አክስቴ ራሳቸው ስልክ ደውለው ነገሩኝ።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ሳር የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ ጎመን ትከሉ» የሚል ነው። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ግቢው ጠባብ ከሆነ፣ ፀሐይም ካገኘ፣ ጎመኑ ይቅደም። ነገር ግን ጎመን ላይ ልጅ አይሮጥም። የተላጨ ግቢ በእርግጥም ከአውሮፓ የመጣ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830 እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ የሳር ማጨጃ ማሽን እስኪፈለስፍ ድረስ በማጭድና በበግ ነበር የሚያዘው። ሳር ራሱ ግን የእኛ ነው። ቡና የምናፈላው ጉዝጓዝ ላይ ነው፣ ዓመት የምንቀበለው በቄጤማ ነው፣ የተጣላ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እርጥብ ሳር ይዞ የሚሄድበት ባህል ያለን ሕዝቦች ነን። በጉም ቢሆን ለበዓል መጥቶ ከመታረዱ በፊት ሁለት ቀን ሳሩን ቢያጭድልን ማን ይጠላል?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቢጫ ሳር ያስጠላል» የሚል ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። ገጠር የወጣን ሰዎች መስኩ በጥር ቢጫ ሲሆን አይተናል። «መስኩ ሞተ» ያለ ገበሬ ግን አላየሁም። የመስከረም ልምላሜ ልባችንን የሚነካው እኮ ሁልጊዜ ስለማይኖር ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ይሁን የሚለውን መለኪያ ያመጣነው ዝናቡ በዓመቱ ወራት ሁሉ ከሚከፋፈልባቸው አገሮች ፎቶ ነው። የእኛ ሰማይ ሌላ ነው። ለዚያውም ደርቆ የቆመ ሳር ሥራ አልፈታም፤ አቧራ ይይዛል፣ አፈሩን ይሸፍናል፣ የሰኔውን ዝናብ ለመቀበል ቦታውን ጠብቆ ይቆያል። የዕቃ ማጠቢያና የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ የተረፈው ቢጨምርበት ግን አልቃወምም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «የአንድ ግቢ ነገር ምን ይለውጣል? ከተማው ራሱ መንገድ ዳር ሳር እያጠጣ አይደል?» የሚል ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የአዲስ አበባን መንገዶች ዳር በሳርና በአበባ እንደሸፈነ ሁላችንም እናያለን፤ ዓይን ይስባል፣ እግረኛም ተጠቅሟል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ አይቀርም። ከተማው ሳር በሚተክልበት ዘመን የትኛው ሳር፣ በምን ያህል ውሃ፣ በየትኛው ወር የሚለውን የሚመልስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ባለሙያው ደግሞ ከእኛ ውጪ ማን ሊሆን ነው?

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ

በትምህርታችን ስለ ስንዴ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ቡና ብዙ እንማራለን፤ ይገባልም። ስለ ሳር የምንማረው ግን አብዛኛው አረም ተብሎ ወይም መኖ ተብሎ ነው። ሰርዶን ለፈተና ያጠናሁት እንዴት እንደሚጠፋ ነበር። ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ስንሄድ ጉርድ ሾላ ላይ የምናልፈው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በቀድሞ ስሙ ኢልካ ተመሥርቶ የሳርና የመኖ ዕፅዋት ዘር ሲሰበስብ ኖሯል፤ ዛሬ በዘር ባንኩ ያለው ናሙና ወደ 19 ሺህ ይጠጋል። ከታክሲ ሳንወርድ የምናልፈው ሀብት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በሙከራ ማሳችን ጥግ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነች መሬት ትሰጠን። በአራት እንክፈላት። አንዱ ላይ በዘር የተዘራ ሰርዶ፣ ሁለተኛው ላይ በቁርጥራጭ የተተከለ ኪኩዩ፣ ሦስተኛው ላይ ከገበያ የተገዛ የብርድ አገር ቅልቅል ዘር፣ አራተኛው ላይ ምንም ሳይነካ የተተወ መሬት ይሁን። ሰርዶውና ኪኩዩው በበጋ ውሃ አይንካቸው፤ የብርድ አገሩ ቅልቅል በቆጣሪ ይጠጣ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሊትር እንደጠጣ፣ ስንት ከመቶው መሬት እንደተሸፈነ፣ ከዝናብ በኋላ ምን ያህሉ እንደተነሣ እንጻፈው። የሚገኘው ውጤት የእኔን ክርክር ሊያፈርሰው ይችላል፤ እንዲያ ከሆነም በዚሁ መጽሔት ላይ ይውጣ። ቢያንስ አንድ የሲኤምሲ ነዋሪ መጥቶ «ግቢዬን ልድፈነው ወይስ ሳር ላድርግበት?» ብሎ ሲጠይቀን ከፓኬት ላይ አንብበን አንመልስለትም።

መምህራኖቻችን ፈቃዳቸው ከሆነ ጉልበቱን እኛ ተማሪዎች እንችላለን። አፈሩ የሚቆፈረው በሚያዝያ ስለሆነ ውሳኔው ከፋሲካ በፊት ቢደርሰን መልካም ነው። ዶማና አካፋ ስቶር ውስጥ አለ፤ የጎደለን ዘሩና ፈቃዱ ነው።

ቸር እንሰንብት።